ከክምሩ ሥር የቀረው ጥቁር አፈር

ሐምሌ 1 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዛሬ ከልደታ ቅዳሴ ስመለስ ጎመኑ በቅሎ አገኘሁት። ተመስገን! ግንቦት ላይ ለማድ ቤቱ መሠረት ሲቆፈር የወጣውን አፈር ከክምሩ አናት እየዛቅሁ በሟች ባለቤቴ የጎመን መደብ ላይ ደልድዬ ዘራሁበት። አንድም አልበቀለ። እግዚአብሔር ለኃጢአቴ ፊቱን ያዞረብኝ መስሎኝ ስንት ቀን አዘንኩ።

ጎረቤቴ ዘይነባ አይታ ሳቀች። «ጋሼ፣ ሸክላ አፈር አልብሰውት ምን ይብቀል? ጥቁሩ መጀመሪያ የተቆፈረው አይደል? ከክምሩ ሥር ነዋ!» አለችና አካፋ ይዛ መጣች። ክምሩን አብረን ገልብጠን ጥቁሩን መደቡ ላይ አለበስነው፤ እንደገና ዘራሁ።

የገዛ እጄን ጥፋት በፈጣሪ ሳላክክ ከርሜአለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ባለቤቴ ብትኖር ገና በመጀመሪያው ቀን አካፋውን ትቀማኝ ነበር። የፊተኛውን ጎመን ለዘይነባ ቀጥፌ እሰጣታለሁ።