በፈላ ውሃ እንዲታጠብ ስለታዘዘው ወንበር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የትራንስፖርት ስምሪት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ መላ አካልዎ፣ በተለይም ሁለቱ ኩላሊቶችዎ፣ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ታካሚዎችን ከየሰፈራቸው የሚያመላልሰውን ሚኒባስ አሥራ አንድ ዓመት ሳጥብ የኖርኩ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ጉዳዬን በቃል ላስረዳ አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ስል ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እድፉ አመጣጥ። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የሚመጡ አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሁላችንም ጋሽ መርፌ እንላቸዋለን፤ ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ክንዳቸውን ለነርሷ ሲሰጡ “ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስወጋ ኖሬ አሁን ጨርቁ እኔ ሆንኩ” ይሉ ነበር። አንድ ሰኞ ታክመው ሲመለሱ፣ እኔም ከሥራ ወጥቼ አብሬያቸው ስሄድ፣ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘና የክንዳቸው ፋሻ ተላቀቀ። ደሙ ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ፈሰሰ። ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩላቸው። እሳቸው ግን የደነገጡት ለወንበሩ ነበር። “ልጄ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ከክሩ ጋር ያጋባዋል። እንዳትፈትጊው፣ በነጭ ጨርቅ ከዳር ወደ መሀል እየተጫንሽ አንሺው” አሉኝ። ሲወርዱም ይቅርታ የጠየቁት ወንበሩን እያዩ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሙያዊ ድጋፍዎ። በማግስቱ እንዳሉኝ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ነጭ ጨርቅ። አራተኛው ጨርቅ ላይ የቀረው ቀለም የውሃ ያህል ቀጥኖ ሳለ እርስዎ ደረሱ። “ነገ እንግዶች አሉብን፣ እድፍ እየለመንሽ ልትውዪ ነው?” ብለው የፈላ ውሃና በረኪና እንዳመጣ አዘዙ። ይጸናል ብልዎት “አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?” አሉኝ። በዚያ ሁሉ የሥራ ጫና መካከል እስክጨርስ ድረስ ቆመው ስላዩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደሙ እንደ ዛገ ብረት ጠቆረ፣ ዙሪያውን ሰማያዊው ጨርቅ የሳህን ስፋት ያህል ነጣ። አንድ የነበረውን እድፍ ሁለት አድርገውልኛል። እንግዶቹም መጥተው፣ ቢሮዎ ውስጥ ተጨዋውተው፣ መኪናውን ሳያዩ ሄዱ።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ። ማክሰኞ ከሰዓት በማኅተም አስጊጠው “የወንበር ንጽሕና የማይጠብቁ ታካሚዎች በመኪናው አይሳፈሩም” የሚለውን በመኪናው በር ላይ አስለጠፉ፤ ለሾፌሩም እነማን እንደሆኑ እንዳይሳሳት የጋሽ መርፌን ስም በቃል ነገሩት። ረቡዕ ጠዋት ጋሽ መርፌ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው፣ ወንበሩ ላይ የሚያነጥፉት የታጠፈ አንሶላ ይዘው መኪናው በሚያነሳቸው ጥግ ላይ ቆመው ነበር። ሾፌሩ እንጀራው ነውና ማስታወቂያውን አነበበላቸው። “እውነት ነው፣ ጨርቅ አበላሽቻለሁ” ብለው ወደኋላ ፈቀቅ አሉ። እኔም ወደ ሥራ ስመጣ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። አልወረድኩም፣ አልተናገርኩም። ይህን በእርስዎ ላይ አላላክክም።

አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ፋብሪካ ውላ ስትገባ “ታጥቤ መጣሁ” አሏት። አርብም እንደዚያው አሏት። መኪና አልሳፈርም ተባልኩ ብሎ ለልጅ መናገር አፍረው ነው። እሑድ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እውነቱን ነገሯት። ጎረቤት ተሸክሞ ሲያደርሳቸው ነርሶቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር ልባቸው ቆመ። ይህን የሰማሁት ልጃቸው የሕክምና ማስረጃ ልትወስድ መጥታ፣ ባልዲዬ አጠገብ ቆማ ስትነግረኝ ነው። ድምጿን አላነሳችም። አባቷ የተቀመጡበት የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት፣ በእጇ ዳሰስ አድርጋው ሄደች።

አራተኛ ብዬ ጽፌ ብዙ ቆየሁ። የሚጻፍ አልመጣልኝም። ሰዎች አዘንሽ ወይ ይሉኛል፣ እኔ እንጃ። ከሞቱ በኋላ በነበረው ማክሰኞ መኪናውን አጠብኩ። ረቡዕም አጠብኩ። እጄ ይሠራል። ከክቡርነትዎ የምለምነው ማስታወቂያው እንዲነሳ ብቻ ነው፤ አሁንም ሦስት ታካሚዎች ፋሻቸውን በሌላ እጃቸው ጨብጠው፣ መተንፈስ እየፈሩ ይሳፈራሉ።

ለንጽሕና ላሳዩት ተቆርቋሪነት፣ ለማኅተምዎ ጥራትና እድፍን ከሰው ለይተው ለማየት ላልተቸገሩበት ዓይንዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ትእዛዝዎን አንድም ሳላጓድል የፈጸምኩ
የሚኒባሱ አጣቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት የመጋዘን ሠራተኛው ወንበሩን አይቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ አዲስ የወንበር ልብስ አወጣልኝ። እንዲህ ያሉ ሃያ አራት ልብሶች ከነላስቲካቸው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ የጎደላቸው የእርስዎ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር። ለመቀየር ለእኔና ለሾፌሩ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን።