እህቴ ያላነጠፈችው አልጋ

ለተከበሩ የጉዞ ወኪል ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ሠራተኞችዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። የቢሮዎ የቀን መቁጠሪያ ጤንነትም እንዲሁ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል። እኔና እህቴ ከአገልግሎትዎ ተርፈን በሙሉ ጤንነት ላይ እንገኛለን።

እኔ ከፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። በሥራ ዘመኔ የሌላ ሰው አቤቱታ ስቀበል ስለኖርኩ ራሴ አቤቱታ መጻፍ ነውር ይመስለኛል፤ ስለዚህ ይህ የምስጋና ደብዳቤ ነው። ምስጋናዎቼን በቁጥር የማስቀምጠው ከቆየ የሙያ ልማድ የተነሳ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ። ለእርስዎ ብቻ ልልከው አስቤም ነበር፤ ሆኖም ይህን የመሰለ ውለታ በፖስታ ታሽጎ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ግፍ ስለሚሆን፣ ሕዝብ እንዲያነበው ግልጽ አድርጌዋለሁ።

ወደ ምስጋናው ከመግባቴ በፊት እህቴን ላስተዋውቅዎ። እታለም ነው የምላት፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ በልብስ እጥበት ክፍል፣ አንሶላ ስትተኩስ ኖራለች። እሷ በተኮሰችው አንሶላ ላይ ስንት ሰው እንደተኛ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው፤ እሷ ግን አንድም ሌሊት በሆቴል አልጋ ላይ ተኝታ አታውቅም። ጡረታ የወጣች ዕለት «ምን ላድርግልሽ?» ብላት፣ ብዙም ሳታስብ «ሆቴል አሳድረኝ፤ ጠዋት አልጋውን ሌላ ሰው ያንጥፈው» አለችኝ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ አይሻልም ወይ ስላት፣ «እዚህማ ሁሉም ያውቀኛል፤ ገና ጋደም ከማለቴ ሰው ጎደለብን ብለው ይቀሰቅሱኛል» አለች።

ውጭ አገር እንሂድ የተባለው እንግዲህ እንዲህ ነው። እኔም የጥንት የድንጋይ ከተሞችን የማየት የቆየ አምሮት ስለነበረኝ፣ አምስት ቀን የሚፈጅ የቡድን ጉብኝት መረጥኩ። በጉብኝቱ የሚታደረው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የእህቴ ጉዳይ ያለው ከጉብኝቱ በፊት ባለችው አንድ ሌሊትና ከጉብኝቱ በኋላ ባለችው አንድ ሌሊት ላይ ብቻ ነበር። እነዚህን ሁለት የሆቴል ሌሊቶች፣ ከኤርፖርት መቀበያውንና መሸኛውን ጨምሮ፣ ለቢሮዎ በአደራ ሰጠን። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ወይዘሪት ፈገግ ብላ «እናንተ ሻንጣችሁን ብቻ ያዙ፤ ሌላውን ለእኛ ተዉት» አለችን። እኛም ለእናንተ ተውነው፤ እናንተም ተዋችሁት።

አንደኛ። በኤርፖርቱ ስለተደረገልን አቀባበል አመሰግናለሁ። አውሮፕላናችን ማክሰኞ ማታ ተነስቶ ረቡዕ ጠዋት አረፈ። መውጫው በር ላይ የሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት የያዙ ሾፌሮች ተደርድረው ቆመዋል። እታለም ለዚህ ቀን ያሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያየች ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። የእኛ ስም የለም። ሦስት ሰዓት ቆመን፣ ሾፌሮቹ ሁሉ ሰው ሰዋቸውን ይዘው ሄዱና በመጨረሻ እኛና የጽዳት ሠራተኛው ቀረን። በኋላ እንደተረዳነው የእርስዎ ሾፌር በእርግጥ መጥቶ ነበር፤ የመጣው ግን ማክሰኞ ጠዋት፣ እኛ እቤታችን ሻንጣ እየዘጋን ሳለን ነው። ስማችንን ከፍ አድርጎ ግማሽ ቀን ከቆመ በኋላ «መንገደኞቹ አልመጡም» ብሎ ጽፎ ሄዷል። ቢሮዎ የመነሻችንን ቀን የመድረሻችን ቀን አድርጎ፣ ሰዓቱንም ከመድረሻው ወስዶ መዝግቦት ኖሯል። ገና ሳንነሳ የሚቀበለን ሰው ያቆመ ድርጅት ከእርስዎ በቀር አላውቅም።

ሁለተኛ። ስለ መጀመሪያዋ ሌሊት አመሰግናለሁ። ታክሲ ይዘን ሆቴሉ ስንደርስ፣ እንግዳ ተቀባዩ፣ በጣም ጨዋ የሆነ ወጣት፣ ክፍላችን ለማክሰኞ ተይዞ እንደነበርና እንግዶቹ ስለቀሩ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ነገረን። በከተማው የሐኪሞች ጉባኤ ስለነበረ የእሱም ሆቴል የጎረቤቶቹም ሆቴሎች ጢም ብለው ሞልተዋል። በዚህ ጊዜ በወረቀታችን ላይ በቀይ ወደተጻፈው የአደጋ ጊዜ ስልክዎ ደወልኩ። ያችው ወይዘሪት አነሳችልኝና ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ «አባቴ፣ መዝገቡ ላይ ትናንት ደርሳችኋል ይላል» አለችኝ። ዛሬ መድረሳችንን ደግሜ ብነግራት «እሱማ እርስዎ የሚሉት ነው፤ መዝገቡ ግን ትናንት ነው የሚለው» አለች። ሙሉ ዕድሜዬን ለመዝገብ ስሟገት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ነጥብ ላይ ለእሷ ፈረድኩላት።

ስልኩን ዘግቼ አዳራሹ ውስጥ ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ድካሙም ንዴቱም ተደራርበውብኝ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ እታለም የለችም። ሻንጣዎቹ አሉ፤ የእጅ ቦርሳዋ አለ፤ እሷ ግን የለችም። ቋንቋ በማታውቅበት አገር፣ በስልሳ ሁለት ዓመቷ፣ ወዴት ልትሄድ ትችላለች? እንግዳ ተቀባዩና እኔ ፎቅ ለፎቅ ስንፈልጋት ቆይተን መጨረሻ ላይ ያገኘናት ምድር ቤት፣ የልብስ እጥበት ክፍሉ ውስጥ፣ ሽርጥ ታጥቃ ነው። የክፍሉ ኃላፊ፣ ክንዷ እንደ ግንድ የወፈረ ሴትዮ፣ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዛለች፤ እህቴ ሌላውን ይዛለች። ሁለቱ እየተቀራረቡና እየተራራቁ፣ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ፣ አብረው እንዳረጁ ሴቶች አንሶላ ያጥፋሉ። ምን እያደረገች እንደሆነ ብጠይቃት፣ ቀና እንኳን ሳትል «በአጠገቤ ጋሪ ሲገፉ ጠርዙ ተጣሞ አየሁት፤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ለጊዜው ላቁመው። አፈርኩ። እንግዳ ሆና ትደር ብዬ ባሕር ያሻገርኳት እህቴ፣ በመጀመሪያው ቀን ተመልሳ ምድር ቤት አንሶላ ይዛ ቆማለች። ያን ዕለት የክፍሉ ኃላፊ በሠራተኞቹ ማረፊያ ክፍል ሁለት የብረት አልጋዎች ለቀቀችልን። አንሶላውን እታለም ራሷ አነጠፈች።

ሦስተኛ። ስለ ጉብኝቱ ላመሰግንዎ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ጉብኝቱ የእርስዎ ሥራ ባለመሆኑ እጅግ ጥሩ ነበር። አስጎብኚያችን፣ ቡድኑ በሙሉ ጺሙ እያለ የሚጠራው ሰው፣ በነጋታው ጠዋት በሰዓቱ መጥቶ ወሰደን። ቀኑን እንዴት እንዳልተሳሳተ ብጠይቀው፣ ከእርስዎ ቢሮ የሚመጣለትን ወረቀት ተቀብሎ እንደሚያስቀምጥና ለማረጋገጥ ግን ወደ ሆቴሉ ራሱ እንደሚደውል ነገረኝ። የድንጋዩን ከተማ አየሁ፤ አምሮቴም ወጣልኝ። እታለም በበኩሏ ድንጋዩን ስትሰለች ድንኳኖቹን የምታሰናዳውን ሴት ታግዝ ነበር።

አራተኛ። በተለይ በእህቴ ስም የማመሰግንዎ ስለ ሁለተኛዋ ሌሊት ነው። ቢሮዎ ይህችንም አንድ ቀን ወደ ኋላ ስቦ፣ እኛ ድንኳን ውስጥ በምናድርበት በእሁድ አስይዟት ነበር። ያ ጨዋ እንግዳ ተቀባይ አስቀድሞ ፈትሾ በገዛ እጁ ወደ ሰኞ ባያዛውርልን ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከብረት አልጋው ላይ ይሆን ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደርሰን በሩን ስንከፍት፣ አንድ ሰፊ አልጋ፣ አልጋው ላይ ከፎጣ የተሠሩ ሁለት አንገት ለአንገት የተቆላለፉ ወፎች፣ ዙሪያውን የአበባ ቅጠል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሙሽሮቹን እንኳን ደስ አላችሁ የሚል ካርድ አገኘን። ቢሮዎ አንድ የአባት ስም ያላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ሲያይ እህትና ወንድም ሊሆኑ እንደሚችሉ አልታየውም፤ ለጫጉላ ልኮናል። እኔ ፊቴ ፍም መሰለ። እታለም ግን ወለሉ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ስላልነበረ፣ የእጥበት ክፍሏ ኃላፊ የሚታጠፍ አልጋ ተሸክማ ወጥታ መስኮቱ ሥር ዘረጋችልኝ።

እታለም ወፎቹን ፈታች፤ ቅጠሉን አራገፈች፤ የአንሶላውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችና «ይሄንን ራሷ ናት የተኮሰችው» አለች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ በቀስታ፣ የሰው ንብረት እንደምትነካ ሁሉ፣ ተጋደመች።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ስልኩ ጮኸ። የእርስዎ ሾፌር ወደ ኤርፖርት ሊወስደን ታች ቆሟል። አውሮፕላናችን የሚነሳው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ የያዘው ወረቀት ግን ሰኞ ይላል። ወርጄ ብለምነው፣ ለአንድ መንገደኛ የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነና ነገ ሌላ መኪና እንደሌለ ነገረኝ፤ እሱም የታዘዘውን የሚሠራ ደካማ ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ወይዘሪቷ ለረጅም ጊዜ ስታገላብጥ ቆይታ «አባቴ፣ እናንተ እኮ ሄዳችኋል» አለችኝ።

ቪዛችን የሚያበቃው በማግስቱ ነበር። ያለ መኪና ቀርተን በረራው ቢያመልጠንስ ብዬ፣ ሮጬ ወጥቼ ተነሺ እንሂድ፣ ኤርፖርት ወንበር ላይ እናድራለን አልኳት። እታለም ዓይኗን እንኳን አልገለጠችም። «አንተ ከፈለግህ ሂድ» አለችኝ፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲጠራኝ ተነስቻለሁ። ዛሬ አልነሳም።» ወርጄ ሾፌሩን አመስግኜ አሰናበትኩት።

አደረች። ፀሐይ መጋረጃውን አልፋ ትራሷ ድረስ እስክትመጣ ተኛች። ስትነሳ እጇ እንደ ልማዱ ወደ አንሶላው ሄደ፤ ጫፉን ያዘች፤ ትንሽ አሰበችና ለቀቀችው። ብርድ ልብሱ እንደተዝረከረከ፣ ትራሱ እንደተጣመመ፣ ጥላው ወጣች። ወደ ኤርፖርት የሄድነውም በእጥበት ክፍሉ መኪና፣ አጠገቡ ላለ ሌላ ሆቴል በሚላክ የታጠበ ፎጣ ጥቅል መካከል ተቀምጠን ነው። የክፍሉ ኃላፊ ከሾፌሩ ጎን ሆና እስከ በሩ ሸኘችን። በረራው ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ደረስን።

ክቡር ሆይ፣ ካሳ እየጠየቅሁ አይደለም። የምለምነው የመዝገብ ጉዳይ ነው። በእርስዎ መዝገብ መሠረት እኔና እህቴ ሰኞ ዕለት ሄደናል፤ ይህም ማለት እህቴ በሕይወቷ እንግዳ ሆና ያደረችባት አንዲት ሌሊት በእርስዎ ዘንድ የለችም ማለት ነው። ሰው ያደረበት ቦታ ከመዝገብ ጠፍቶ ሲቀር ዝም ማለት ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ መዝገቡ እንዲታረምና «ሰኞ ሌሊት በሆቴሉ አድራለች፤ ጠዋትም አልጋዋን ሳታነጥፍ ወጥታለች» ተብሎ እንዲጻፍልን፣ የታረመውም ገጽ ማኅተም ተመትቶበት በግልባጭ እንዲደርሰን በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

እስከዚያው ድረስ፣ የሥራ ዘመንዎ ረጅም፣ ወንበርዎ ለስላሳ፣ የሚያርፉባቸው ክፍሎችም ሁሉ በሌላ ድርጅት የተያዙ እንዲሆኑልዎ ከልብ በመመኘት፣ ቆቤን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ መዝገብ ያዥ፣ የአሁን ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእታለም ሳነብላት፣ መጻፍ ብቻውን ምን ይሠራል ብላ ወቀሰችኝ። ጡረተኛ ስለሆነች ጊዜ አላት፤ በእንግዳ መቀበያዎ ያሉት ወንበሮችም ምቹ መሆናቸውን አስቀድማ አይታለች። ስለዚህ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በየሳምንቱ ሹራቧን ይዛ እዚያ ትቀመጣለች፤ ደንበኞችዎ ወረቀታቸውን ተቀብለው ሲወጡ ቀኑን አብራቸው ታነብላቸዋለች። ደመወዝ አትጠይቅዎትም። ሻይ ግን ስኳር ሳይበዛበት ነው የምትወደው።