እስከ ማንጎው ዛፍ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

እህቴ ሰሚራ ከሞተች ወዲህ እስከ ዛሬ በአስር ሰዓት ከቤት ወጥቼ አላውቅም ነበር። የካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ ወደ አሶሳ ስትመለስ ሐኪሙ «ጉልበቷ እንዲመለስ በየቀኑ ትንሽ ትራመድ» ብሎ ነበር። በዚያ ሰዓት ይዣት የምወጣው እኔ ነበርኩ።

እማዬ ትቆጣኛለች። «ልጄን አታድክምብኝ!»

ሰሚራ ትስቃለች። «እማዬ፣ የሚያለከልከው እኮ እሱ ነው!»

የተመኘችው እስከ ትምህርት ቤቷ በር በእግሯ መሄድ ነበር። በሽታው ተመልሶ እስኪጥላት ድረስ ግን መንገዱ ላይ ካለው የማንጎ ዛፍ አላለፈችም።

ዛሬ በአስር ሰዓት እማዬ ሻርፗን አድርጋ መጣች። «የት ድረስ ነበር የምትሄዱት? አሳየኝ።»

ዛፉ ሥር ተቀመጥን። እማዬ ቀድማ ተነሳች። «በል፣ እስከ በሩ እንሂድላት።»

እኔ ለሰሚራ እዘረጋላት እንደነበረው እጇን ዘረጋችልኝ። መነሳት አቃተኝ።