የሙታን አገር በረኛ

ጥር 16፣ ዓርብ፣ ምሽት 1፡00
ከመ/ቤት ገባሁ። ከቦሌ ገርጂ ታክሲ ጥበቃ ገደለኝ። ጉድ ልንገርሽ ደብተሬ፦ በረኛ የለንም። ከጓደኞቼ ጋር በምንሠራው ፊልም ላይ አንዲት ልጅ የሞተች እናቷን ልታመጣ ወደ ሙታን አገር ትወርዳለች። በሩን የሚጠብቀውን የሚጫወተው ልጅ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ለቀረጻ የተፈቀደልን ያላለቀ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ እሑድ ዝግ ነው፣ ሰኞ ሠራተኞች ይገቡበታል። ከነገ ሌላ ቀን የለም።

እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ቀና ሳይል መብላቱን ቀጠለ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲሁ ነው። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ በረኛው ረጅም መሆን አለበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት
ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። አባዬ ከጎኔ፣ የክት ሱፉን ለብሶ። ጥቁር ጨርቅ አዘጋጅተናል ብዬ ብነግረው አልሰማም፤ በረኛ ሥራ ላይ ነው፣ ወግ ያለው ልብስ ይፈልጋል ባይ ነው። ረዳቱ ጋሼ ሠርግ ነው ወይ ቢለው፣ ኮስተር ብሎ «ሙታን አገር» አለው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። አባዬም ሳቀ።

ያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት
ቀረጽን። ካሜራ የያዘው ቢኒ መብራቱን ከሥር አድርጎ አባዬን ግዙፍ አደረገው። ልጅቷን የምትጫወተው ሜሮን ደረጃውን ወርዳ ፊቱ ቆመች። እናቴን ልውሰዳት አለች። የሱ ድርሻ አንድ ቃል ነበር፦ አይቻልም። አላለውም። ጎንበስ ብሎ እንዲህ አላት፦

«ደህና ናት ልጄ። ወገቧንም አያማትም አሁን። ስለ አንቺ ስትጠይቀኝ፣ እየሳቀች ነው ብያታለሁ። ውሸታም አታድርጊኝ፤ ተመለሺ።»

ወገቧን ያማት የነበረው እማዬን ነው። ሜሮን የምር አለቀሰች። እኔ አቁሙ ማለት ረሳሁ። አባዬ፣ አበላሸሁባችሁ ወይ አለ። አጨበጨብንለት።

ኋላ ደረጃው ላይ ተደርድረን ሳምቡሳ ስንበላ፣ እማዬን መጀመሪያ ያያት ሲኒማ ቤት ሰልፍ ላይ እንደነበር ለቢኒ ሲያወራ ሰማሁት። አላውቅም ነበር። ፊልሙ ምን እንደነበር ጠየቅነው። አላየሁትም አለ።

ጥር 18፣ እሑድ
የፊልሙን ቅንብር ጀመርኩ። የጻፍኩት መጨረሻ፣ ልጅቷ በረኛውን አታልላ እናቷን ይዛ የምትወጣበት ነበር። ወራት የለፋሁበት። ዛሬ ሰረዝኩት። ብቻዋን ትወጣለች፤ ወደ ፀሐይ፣ ወደ ገርጂ ጫጫታ። የአባዬ ቃል እንዳለ ይቆያል። አላዘንኩም፤ ቀለለኝ።

ከሳሎን እየተጣራ ነው። ፊልሙ ሲታይ ማን ማን ይጠራ እያለ ነው፤ ከእማዬ እህቶች ጀምሯል። ልሂድ፣ አለዚያ ሰፈሩን በሙሉ ይጠራል።