የቁልቢው ስለት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ዋሽተውኛል። ልጄ ሞቶ ተቀብሮ ሳለ፣ ይመጣል እያሉ አሥራ ስምንት ዓመት አንከራተቱኝ። ማን እንደሆነ ገና አላውቅም። አገኘዋለሁ።

ጠዋት አሕመድ የሚባል፣ ከሐረር ወጣ ብሎ ካለው ከድሬ ጠያራ መንደር የመጣ ገበሬ ፈረስ መጋላ ገበያ ሱቄ ድረስ ዘለቀ። ሬዲዮ ሊያሠራ መስሎኝ ተራህን ጠብቅ አልኩት። ለካ ሸዋ በር፣ ከተማው መግቢያ ላይ፣ የልጄን የዳዊትን ቤተሰብ ሲያጠያይቅ፣ በየዓመቱ እዚያ የምለጥፈውን የአፋልጉኝ ፎቶ የሚያውቁ ሰዎች ወደ እኔ ልከውት ነው።

«መንገድ ሊሰፋ ነው። ግሬደሩ እርሻችን ጫፍ ደርሷል። አጽሙን ቶሎ አንሱ ልላችሁ ነው የመጣሁት» አለ።

የማንን አጽም አልኩት።

«የዳዊትን ነዋ። ባለማተቡን።»

ፊቴን አየ። እንደማላውቅ ገባው። «ያ ረቢ» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ ቃል የወጣው በግድ ነው። ዳዊት በሞተር ብስክሌት ሲሄድ እነሱ ሰፈር ገደል ገብቶ ሞተ። ሬሳ አያድርም ብለው የአሕመድ አባት በዕለቱ ቀበሩት። ኋላ ዘመድ መጥቶ አለቀሰ፤ እነሱም ቤተሰቡ አወቀ ብለው ተዉት። የትኛው ዘመድ? «ወላሂ አባቴ፣ እኔ ያኔ ትንሽ ነበርኩ» አለ። ዓይኑን ግን አሸሸ።

ለሚስቴ ለየሺ አልነገርኳትም። ጉልበቷን ስላመማት ዘንድሮ ቁልቢ እንኳን አልሄደችም። ዳዊት እንዲመለስ ተስላ በየዓመቱ የምትሄድበት ነው፤ ይዟት የሚሄደው የወንድሜ ልጅ ተስፋዬ ነው። እኔ ስለት አልወድም። ሰው በእግሩ ይፈልጋል እንጂ። አሁን ይህን ብነግራት ትሞትብኛለች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 23

ሥራ አልያዝልኝ አለ። ዘመዶቼን አንድ በአንድ አሰብኩ። ግማሾቹ ሞተዋል። የቀሩት ወሬ አንድ ቀን ማሳደር የማይችሉ ናቸው። ማንም ሳያስተምረኝ ሬዲዮ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ፤ ይህንንም ፈትቼ አየዋለሁ።

መሐላዬን አልረሳሁም። ዳዊት የጠፋ ሰሞን መድኃኔዓለም ደጅ ቆሜ፣ ልጄን ያጠፋብኝን ሰው በእጄ እገድለዋለሁ ብዬ ሕዝብ ፊት ምያለሁ። ምዬ አፍርሼ አላውቅም። ወንድሜን አላናግረውም ብዬ ምዬ ሳላናግረው ነው የቀበርኩት። ልጁን ተስፋዬን ግን አሳደግኩት። ልጅ አባቱን አይመርጥም።

ተስፋዬ ማታ እንደ ወትሮው ዳቦ ይዞ መጣ። ዳዊት በጠፋ ሰሞን ከጣራ ወድቆ የተሰበረው እግሩ በብርድ ጊዜ ይብስበታል። ነገ በባጃጅህ ድሬ ጠያራ አድርሰኝ አልኩት። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ በማድረግ ፈንታ ወንበር ላይ አስቀመጠው። «ባጃጁ ተበላሽቶብኛል፣ አባባ» አለ። ሲወጣ አስነስቶ ሲሄድ ሰማሁት።

እንቢ ብሎኝ የማያውቅ ልጅ ነው።

የሺ ድሬ ጠያራ ምን አለህ አለችኝ። የሬዲዮ ዕቃ አልኳት። መዋሸት አልችልበትም፤ እሷ ግን ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 24

በሚኒባስ ሄድኩ። አሕመድ ከመንገድ ጠብቆ በእግር ወሰደኝ። ግሬደሩ አፈሩን ገልብጦ ገልብጦ የማሽላው ክምር አጠገብ ቆሟል። መቃብሩ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ነው። ድንጋይ ተደርድሮበታል። ድንጋዩ ኖራ ተቀብቷል፤ ያረጀ ኖራ አይደለም። ማን ነው የሚቀባው አልኩ። አሕመድ ጫማውን አየ።

ማልቀስ ነበረብኝ። አልመጣልኝም። ድንጋዮቹን ነካሁና እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ።

የአሕመድ እናት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። ድምፄን ሰምተው በከዘራ ወጡ፤ በኦሮምኛ ያናግሩኝ ጀመር። አሕመድ ሊያስቆማቸው አሳለ፣ ክንዳቸውን ያዘ። ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ኦሮምኛ የማልሰማ መስሎት ነው።

«እናቲቱ ምነው ዘንድሮ ቀረች? በቁልቢ ሰሞን ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም» አሉ። «ያ አንካሳው ልጅ ነበር የሚያመጣት። ምነው፣ ታመመች?»

ጉልበቷን አሟታል አልኳቸው።

እግዜር ይማራት አሉ። ሁልጊዜ ስኳር ታመጣላቸው ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25

በየዓመቱ ፎቶውን ስለጥፍ የዱቄቱን ሙጫ የምታፈላልኝ የሺ ናት። ግድግዳው ላይ ስወጣ መሰላሉን የሚይዝልኝ ተስፋዬ ነው። «ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አባባ፣ ተጣመመ» እያለ ያቀናልኛል። ይህን ሳስብ ነጋ።

ቁርስ አልበላሁም። ዛሬ አዲስ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ሙጫ አፍይልኝ አልኳት።

ድስቱን ጣደች። ዱቄቱን በጠበጠች። እያማሰለች ሳለ እጇ ቆመ።

«ሄደህ አየኸው» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ማን ነው ይነዳ የነበረው አልኳት።

«ተስፋዬ። ሞተሩን ተውሰው ሽርሽር ወጥተው ነው። የተሰበረ እግሩን እየጎተተ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ልነግርህ ፈልጌህ መጣሁ። አንተ መድኃኔዓለም ደጅ ቆመህ ትምላለህ። አንዱ ልጄ ሞቷል፤ ሌላውን ለመሐላህ አልሰጥም አልኩ።»

ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ሞኝ ስዞር እያየሽ ወይ አልኳት።

«አንተ ተስፋ ነበረህ» አለች። «እኔ ምን ነበረኝ? መቃብሩን አይቼ እመጣና ሙጫ አፈላለሁ።»

የአባቴ ጠመንጃ ቁም ሳጥኑ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቀና ብዬ አየሁት። እሷም ሳየው አየችኝ። ሙጫው አረረ፤ ድስቱን ያወረደ የለም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26

ጠዋት ብቻዬን ሸዋ በር ሄድኩ። ፎቶውን ልልጠው ብል አልላቀቅ አለኝ። ግማሹ ፊት ግድግዳው ላይ ቀረ። የሺ ሙጫ ታውቅበታለች።

ስመለስ ጠመንጃው የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ትደብቀዋለች ብዬ ነበር። አልደበቀችውም።

ማታ ተስፋዬ ዳቦ ይዞ መጣ። ነግራዋለች። የበሩ ደፍ ላይ ቆመ፣ አልገባም። የሺ ከኋላዬ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«አባባ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ» አለ። አልሸሸም። መሸሽ ይችል ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይችል ነበር። በየማታው ግን ዳቦ ይዞ እዚህ ቤት ነው የመጣው።

ቁም ሳጥኑን አንዴ ዞሬ አየሁት።

«ግሬደር ሰው አይጠብቅም» አልኩት። «ነገ ጠዋት አጽሙን እናነሳለን። ባጃጅህን አሠርተህ በር ላይ ጠብቀኝ።»

ዳቦውን ተቀበልኩት። ይቅር አላልኩትም። እሷንም አላልኳትም። መሐላዬን አፍርሼው ይሁን አቆይቼው እኔ ራሴ አላውቅም፤ ነገ ከዚያ ልጅ ጋር መቃብር ዳር ቆሜ አየዋለሁ።

ሰው ከጠየቀኝ ልጄን አግኝቼ ቀበርኩት እላለሁ። ማን ነዳው፣ ማን ደበቀው፣ ማን ለምን ዋሸኝ፣ ከእኔ አፍ የሚሰማ የለም። የሺንም እንዳታነሺብኝ ብያታለሁ። እዚህም ቢሆን ከዛሬ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልጽፍም።