ስለ አዛዡ ወንበርና ስለ እኔ ቁም ሣጥን

ለተከበሩ የፊልም ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ዕድሜዎ በአዲሱ ፊልምዎ በር ላይ እንዳየሁት ሰልፍ የረዘመ፣ ጤናዎም የተሟላ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ደግሞ ፊልሙን ካየሁ ጀምሮ ምግብ አልዋጥልኝ ከማለቱ በስተቀር ደህና መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ።

ምናልባት ከረሱኝ፣ «የዘጠነኛው ጨረቃ ተጓዦች» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ ለአሥራ አንድ ዓመት የጻፍሁትና ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ድራማው በአዲስ ሰዎች ፊልም ሆኖ እንደገና ሊሠራ መሆኑን ከጋዜጣ ባነበብሁ ጊዜ፣ እንደሚከሽፍ ቅንጣት ሳልጠራጠር የማጽናኛ ደብዳቤ አስቀድሜ ጽፌልዎ ነበር። ባለመክሸፉ ወረቀቱ እንዳይባክን፣ ይህን የምጽፍልዎ በጀርባው ላይ ነው።

፩ኛ. የእኛ የጠፈር መንኮራኩር ከሁለት ድስትና ከአንድ አሮጌ ማራገቢያ ተሠርቶ በክር የሚጎተት ነበር፤ ክሩም ይታይ ነበር። የእርስዎ ክር አይታይም። ሁለት ጊዜ ገብቼ ፈለግሁ።

፪ኛ. በድራማችን የመንኮራኩሩ አዛዥ አንድም ቀን ያልተቀመጠው ወንበሩ ሦስት እግር ብቻ ስለነበረው ነው፤ አናጺያችን ነገ እጠግነዋለሁ እያለ ጡረታ ወጣ። የእርስዎ ወጣት ደራሲ ግን ይህንኑ ስንፍናችንን አንሥታ፣ አዛዡ የማይቀመጠው የጠፋው ባልደረባው እስኪመለስ ነው አለች። ባልደረባው ተመልሶ አዛዡ ሲቀመጥ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። የእኔን ድራማ ሽንኩርት እየከተፈች እንኳ ሳታነባ ያየች ባለቤቴ መሐረቤን ወስዳ አልመለሰችልኝም። ክቡር ሆይ፣ ቀናሁ። ያ ወንበር አሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ ቆሞ፣ እኔ ያየሁት የጎደለ እግሩን ብቻ ነበር።

፫ኛ. ሁሉን ለውጠው የመንኮራኩሩን በር ድምፅ ብቻ አስቀርተዋል። ያ ሲጢጥታ ያኔ ለድራማው የቀዳሁት የመኝታ ቤታችን ቁም ሣጥን ነው። ባለቤቴ ለሠላሳ ዓመት ዘይት ቀባልኝ ስትል፣ ጥበብ ነው ይከበር እያልሁ እምቢ ያልኋት ነው። በሩ ሲከፈት ድምፁን ለይታ «ውይ፣ የኛ ቁም ሣጥን!» ብላ ጮኸች። ፊልሙ ሲያልቅ የስም ዝርዝሩን ቆመን ጠበቅን፤ የሾፌሮቹ፣ የአዛዡን ጫማ የወለወሉት ሰው ስም ሳይቀር አለፈ። የእኔ አልመጣም። መብራት ሲበራ ባለቤቴ የጽዳት ሠራተኛዋን «እባክሽ እናቴ፣ ትንሽ ታገሽን፣ ይመጣ ይሆናል» ብላ ለመነቻት።

ስለዚህ ከቅናት የተረፈችውን ሰላምታዬን ለደራሲዋ እንዲያደርሱልኝ እየለመንሁ፣ ከግምት ሁሉ በላይ ስለሆነው ስኬትዎ ጥርሴን ነክሼ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የቀድሞው ደራሲና አዘጋጅ
(ስሜን ከስም ዝርዝሩ ይመልከቱ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰዎችዎ ለሁለተኛው ክፍል ድምፁን በጥራት ለመቅዳት እንደሚመጡ በስልክ ነግረውኛል፤ የጠየቁኝም ስሜን ሳይሆን ቁም ሣጥኑ ያለበትን ቤት ነው። ይምጡ፣ ቤት ለእንግዳ ነው። ብቻ ትናንት ማጠፊያውን ዘይት ቀብቼዋለሁ። ባለቤቴ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እጅህ ይባረክ ብላኛለች፤ ቁም ሣጥኑም ከእንግዲህ ትንፍሽ አይልም።