ባክቴሪያዎቹን ስላሸጉልን እናመሰግናለን

ለክቡር አቶ በኃይሉ
የቆቶ ሰፈር የመጠጥ ውሃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከጠረጴዛዎ ላይ ለማይጠፋው የታሸገ ውሃ መልካም ጤና እመኛለሁ። እኔ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ፈቲሀ ሙባሪክ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ የዋሉልንን ውለታ በአደባባይ ካላመሰገንኩ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

እንደሚያውቁት፣ ካላወቁም ሦስት ጊዜ በደብዳቤ እንዳሳወቅንዎ፣ የጉድጓድ ውሃችን አርሴኒክ አለበት። ጣዕምም ሽታም የሌለው፣ ቀስ ብሎ የሚጎዳ መርዝ ነው። ጎረቤቴ አብዶ፣ የበርበሬ ነጋዴው፣ ይህንን ውሃ አሥራ አንድ ዓመት ጠጥቷል፤ መዳፎቹ ላይ እንደ ሽንብራ የጠጠሩ እባጮች ወጥተውበታል። ሰላም ሲሉት የሚዘረጋው ክንዱን ነው።

አምና ናዝራዊት የምትባል ተመራማሪ ከወልቂጤ መጥታ ከጉድጓዱ ጭቃ ውስጥ አርሴኒክን ችለው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አገኘች። መርዙን የዛገ ብረት ላይ በቀላሉ ወደሚጣበቅ ዓይነት ይለውጡታል። እኛም በርሜል ውስጥ አሸዋና የዛገ ምስማር ሞልተን ባክቴሪያዎቹን አስገባን፤ የሚወጣውን ውሃ ደግሞ በክሎሪን አከምን። ሁለት ጊዜ ተመርምሮ አርሴኒኩ ከተፈቀደው መጠን በታች ሆነ። ውጤቱን ለአብዶ ሚስት ለሃሊማ ስነግራት፣ “አልሐምዱሊላህ! ታዲያ እነዚህን ነገሮች ምን እናብላቸው? እንግዶቻችን ናቸው እኮ” አለችኝ።

ማክሰኞ ቡድንዎ ደረሰልን። ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው፦

1. “ባክቴሪያ አለበት” ተብሎ በርሜሉ ታሽጎ፣ አርሴኒክ ያለበት ጉድጓድ ግን ክፍት ስለተተወልን እናመሰግናለን። ቅጽዎ ላይ ስለ አርሴኒክ የሚሞላ ቦታ የለም አሉ። ቅጽ ያልወጣለት መርዝ ሰው እንዴት ይጎዳል?

2. የምርመራውን ወረቀት ስዘረጋለት ባለሙያዎ “ይሄ የእኛ ማኅተም የለውም፣ እህቴ” ብሎ ስላረመኝ እናመሰግናለን። ማኅተም ያለው ምርመራ አድርጉልን ብለን ካመለከትን ሁለት ዓመታችን ነው።

3. አብዶ ሁለቱንም መዳፎቹን ዘርግቶ “ይህንንስ የት ላይ ትሞሉታላችሁ?” አለ። ባለሙያው ቀና ሳይል መጻፉን ቀጠለ። አብዶ ሰው ፊት እጁን ሲያሳይ በስድስት ዓመት ውስጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ለዚህኛው ምስጋና ብፈልግ አጣሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሩ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሃሊማ ሄዳ የማሸጊያውን ሽቦ በጉጠት ቆረጠችው። የከለከላት ሰው አልነበረም። ጉጠቱን ያቀበልኳት እኔ ስለሆንኩ፣ የሚጠየቅ ሰው ሲፈልጉ ከእኔ ይጀምሩ። ቅዳሜ ናዝራዊት መጥታ ስትመረምር ባክቴሪያዎቹ ሥራቸው ላይ ናቸው፤ እኛም ያንን ውሃ እየጠጣን ነው። የተቆረጠውን ማሸጊያ የመንግሥት ንብረት በመሆኑ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

ለጤናችን የሚያሳዩትን ትጋት ከሩቅ ሆኜ በማድነቅ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ፈቲሀ ሙባሪክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ቡድንዎ ሥራውን እንደጨረሰ ሻይ አቅርበንለት ነበር፤ ሦስቱም እያመሰገኑ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ጠጥተዋል። በርሜሉ ስለታሸገ ውሃውን የቀዳነው ከጉድጓዱ ነው። ክቡርነትዎ ግን በፍጹም እንዳይሰጉ፤ በደንብ ስላፈላነው አንድም ባክቴሪያ አልነበረበትም።